ቦኔር፡ የጎብኚው ክፍያ የሚጠብቃት የባሕር ፓርክ

በደቡባዊ ካሪቢያን ባሕር፣ ከቬንዙዌላ ጠረፍ በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ቦኔር የተባለች ደሴት አለች። የቆዳ ስፋቷ 288 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የኔዘርላንድስ ልዩ ማዘጋጃ ቤት ሆና ትተዳደራለች። የብሷ ዝናብ አጠር ነው፤ ቁልቋልና እሾሃማ ቁጥቋጦ ይበዛበታል። ከሩቅ አገር ጎብኚ የሚጎርፍላት ግን ለየብሷ ሳይሆን ከውኃው በታች ላለው ሀብቷ ነው።

ያ ሀብት የኮራል ሪፍ ይባላል። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ወይም ተክል ይምሰል እንጂ እንስሳ ነው። እጅግ ጥቃቅን የሆኑ እንስሳት በአንድነት ተያይዘው ሲኖሩ ከሥራቸው የኖራ ድንጋይ አጽም ይገነባሉ። ይህ አጽም በዘመናት ብዛት ተደራርቦ የዓሣዎች መኖሪያና መራቢያ፣ የባሕር ዳርቻው ደግሞ የማዕበል መከላከያ ይሆናል። ብዙዎቹ የኮራል ዓይነቶች በዓመት የሚያድጉት ከጥቂት ሚሊ ሜትር እስከ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። በመሆኑም አንድ የጀልባ መልህቅ በቅጽበት የሰበረውን ለመተካት አሥርተ ዓመታት ሊያስፈልጉ ይችላሉ።

ቦኔር ይህን ቀድማ ተረድታለች። እ.ኤ.አ. በ1971 ዓሣን በጦር መውጋት፣ በ1975 ደግሞ ኮራል መስበርና መውሰድ በሕግ ተከለከሉ። በ1979 የባሕር ፓርኩ ተመሠረተ። ፓርኩ ቦኔርንና ከአጠገቧ ያለችውን ሰው የማይኖርባት ክላይን ቦኔር ደሴት ከብቦ፣ ውኃው በሞላ ጊዜ ከሚደርስበት የዳርቻ መስመር አንሥቶ 60 ሜትር ጥልቀት እስካለው ወለል ድረስ ይዘልቃል።

ወደ ፓርኩ የሚመጣ ጠላቂ አስቀድሞ የተፈጥሮ ጥበቃ ክፍያ ይከፍላል፤ ስለ ደንቡም ገለጻ ይሰጠዋል። የመጀመሪያውን ጠለቃ የሚያደርገው መሣሪያውንና የሚታጠቀውን የክብደት መጠን ለመፈተሽ ነው። ሚዛኑን ያልጠበቀ ጠላቂ ወደ ታች እየሰጠመ ሪፉን በእግሩ ሊሰብር ይችላልና። ጓንት ማጥለቅም አይፈቀድም፤ ባዶ እጅ ከመንካት ይቆጠባል፣ ጓንት ያጠለቀ እጅ ግን ያገኘውን ሁሉ ይጨብጣል። ጀልባዎች መልህቅ መጣል ስለተከለከሉ ከባሕሩ ወለል ጋር በገመድ በታሰሩ ተንሳፋፊዎች ላይ ይታሰራሉ።

ብዙዎቹ የጠለቃ ቦታዎች ከመንገድ ዳር የሚገኙ ናቸው። ስማቸው ቢጫ በተቀባ ድንጋይ ላይ ተጽፎ ይታያል፤ ጎብኚውም መኪናውን አቁሞ በእግሩ ወደ ባሕሩ ይገባል። መጥለቅ የማይችል ሰውም በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ከውኃው ገጽ ላይ እየዋኘ ሪፉን መመልከት ይችላል። በአሸዋማው ዳርቻ ግን የባሕር ኤሊዎች እንቁላል የሚጥሉባቸው ስፍራዎች ስላሉ ጥንቃቄ ይጠየቃል።

ክፍያው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 ሲሆን፣ ጠላቂዎች በዓመት 10 ዶላር ይከፍሉ ነበር። በ2005 ለዋናም ሆነ ለሌላ መዝናኛ ወደ ፓርኩ የሚገባ ጎብኚ ሁሉ ከፋይ ሆነ። ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ስቲናፓ የተባለ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ሲሆን፣ ለጠባቂዎች፣ ለጀልባ ማሰሪያዎችና ለትምህርት ሥራ ያውለዋል። ጎብኚው ለሚጠቀምበት ሀብት የጥበቃውን ወጪ ይሸፍናል ማለት ነው።

ይሁንና ጠባቂ የማያስቆማቸው አደጋዎችም አሉ። ኮራል አብዛኛውን ምግቡን የሚያገኘው በሰውነቱ ውስጥ ከሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ነው። ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ አልጌዎቹን ያስወጣል፤ ነጭ ይሆናል፤ ሙቀቱ ከቀጠለም በረሃብ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ2023 ይህ ችግር በቦኔር ታይቷል። በዚያው ዓመት የኮራልን ሕያው አካል የሚያጠፋ በሽታ በደሴቷ ተገኝቷል። ወደ ዶሮ እርባታ የሚገባ ሰው ጫማውን በመድኃኒት እንደሚነክር ሁሉ፣ ጠላቂዎችም በሽታውን እንዳያዛምቱ መሣሪያቸውን በፀረ ተሕዋስያን እንዲያጸዱ ይጠየቃሉ።

ሌላው አደጋ የሚመጣው ከየብስ ነው። በደሴቷ በልቅ ግጦሽ የሚሰማሩ ፍየሎች ለጋውን ቡቃያ ስለሚበሉት መሬቱ ይራቆታል። ዝናብ ሲጥል ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ወደ ባሕር ያወርዳል፤ ደለሉም ብርሃን እየጋረደ ኮራሉን ያፍነዋል። ለዚህም መፍትሔ ተብሎ መሬት እየታጠረ አገር በቀል ዛፎች ይተከላሉ። በክላይን ቦኔር ፍየሎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከደሴቷ እንዲወጡ ከተደረገ በኋላ ዕፅዋቱ ቀስ በቀስ ማገገም ጀምሯል።

ከዳገት የታጠበ አፈር ምን ማለት እንደሆነ አርሶ አደር ጠንቅቆ ያውቃል፤ ማሳው ይሳሳል፣ ምርቱም ይቀንሳል። በቦኔር ያው አፈር የዓሣውን መኖሪያና የጎብኚውን መዳረሻ ያጠፋል። ስለዚህ የባሕር ፓርኩ ጥበቃ ከውኃው ዳር አይጀምርም፤ ፍየሎች ከሚሰማሩበት ኮረብታ ይጀምራል።