ሆሳዕና ላይ አውሮፕላን ለመሥራት፦ ተረቱና እውነታው

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾ ወይም በሾኔ አንድ ወጣት ቱቦላሬ ገዝቶ፣ ከአሮጌ መኪና ላይ ሞተር አውርዶ «አውሮፕላን ልሠራ ነው» ቢል ሁለት ዓይነት መልስ ይጠብቀዋል። ግማሹ «አብዷል» ይለዋል። ግማሹ ደግሞ «ሊቅ ነው፤ የሚደግፈው ስላጣ እንጂ ይበር ነበር» እያለ ያወድሰዋል። ስድቡም ሙገሳውም ግን ሥራው ላይ የሚጨምሩለት ነገር የለም። ወጣቱን ከአደጋ የሚጠብቀውና ወደ ግቡ የሚያቀርበው የአየሩን፣ የክብደቱንና የብሎኑን ነገር በትክክል ማወቁ ነው። ስለዚህ ጉዳይ በየጋራዡና በየሰፈሩ ከሚባለው ውስጥ የሚበዛው መታረም ያለበት ነው።

ተረት፦ «አውሮፕላን መሥራት ለእኛ አገር እንግዳ ሕልም ነው»

እውነታው፦ በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አገሪቱን እየወረረ ሳለ «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን ወደ ሰማይ ወጥታለች። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ የሠራት ስትሆን፣ ስሟን ያገኘችው ከንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ ነው። 115 የፈረስ ጉልበት ባለው ሞተር ትበር የነበረችው ይህች አውሮፕላን ወደ ጣሊያን ተወስዳ ለብዙ አሥርት ዓመታት በቪኛ ዲ ቫሌ የአየር ኃይል ሙዚየም ቆይታለች። በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች።

በግል ጥረትም ቢሆን አስመላሽ ዘፈሩ አለ። በጤና ሙያ የተመረቀው አስመላሽ አብራሪ ለመሆን ቢመኝም በቁመቱ ምክንያት የሥልጠና በሩ ተዘጋበት። ከመጻሕፍትና ከዩቲዩብ እየተማረ አዲስ አበባ ላይ ባለ አንድ ሞተር ቀላል አውሮፕላን ሠራ፤ ስሟንም ኬ-570ኤ አላት። «ኬ» ለእናቱ ለኪሮስ መታሰቢያ ሲሆን፣ 570 ደግሞ ሥራው የወሰደውን የቀን ብዛት ያመለክታል። በ2007 ዓ.ም. የተደረገው የበረራ ሙከራ አልተሳካም። ሆኖም ታሪኩ ከአገር አልፎ የዓለም መገናኛ ብዙኃን መነጋገሪያ ሆኗል።

በሌላው ዓለም ይህ የታወቀ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። በአሜሪካ አውሮፕላን በቤታቸው የሚሠሩ ሰዎች ማኅበር የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1953 በፖል ፖበሬዝኒ ነው። እዚያ አንድ አውሮፕላን «በግለሰብ የተሠራ» ለመባል ከሥራው የሚበልጠውን ድርሻ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ብለው የሠሩት ግለሰቦች መሆናቸው መረጋገጥ አለበት።

ተረት፦ «የመኪና ሞተር አያበርም»

እውነታው፦ ያበራል። አሜሪካዊው በርናርድ ፒተንፖል በ1920ዎቹ መጨረሻ የሠራው «ኤር ካምፐር» በፎርድ ሞዴል ኤ ሞተር በሯል። የቮልስዋገን «ቢትል» ሞተርም በአውሮፓና በአሜሪካ በብዙ ባለ አንድ መቀመጫ አውሮፕላኖች ላይ ተገጥሞ ሠርቷል። የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተርና ውኃ አይሸከምም፣ አራቱ ሲሊንደሮቹም ሁለት በሁለት በተቃራኒ አቅጣጫ ተኝተው ስለተገጠሙ ቁመቱ አጭር ነው። አስመላሽም የተጠቀመው 40 የፈረስ ጉልበት ያለውን ይህንኑ የቮልስዋገን ሞተር ነው። ችግሩ የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው።

ተረት፦ «ሌላ አገር የበረረው ንድፍ እዚህም ይበራል»

እውነታው፦ ለደጋ ከተሞች ከሁሉም በላይ ወሳኙ ጉዳይ ይኼ ነው። ሆሳዕና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,200 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ዱራሜም ከ2,000 ሜትር በላይ ናት። በሆሳዕና ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ 80 በመቶ ይወርዳል። ፀሐይ በወጣበት፣ ሙቀቱ 24 ዲግሪ በደረሰ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወደ ሦስት አራተኛ ዝቅ ይላል።

ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን የሚያገኘው ከሚስበው አየር ስለሆነ፣ በወረቀት ላይ 40 የሆነው የፈረስ ጉልበት ሆሳዕና ላይ 30 አካባቢ ይሆናል። ፕሮፔለሩም የሚገፋው ያንኑ የሳሳ አየር ነው፤ ክንፉንም የሚያነሳው ያው የሳሳ አየር ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ከመሬት የሚለቅ አውሮፕላን፣ ሆሳዕና ላይ ለመልቀቅ መሬቱን ወደ 80 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት መሮጥ አለበት። ደካማ ጉልበት ላይ ተጨማሪ ፍጥነት ሲጠየቅ የመንደርደሪያው ርቀት ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይረዝማል። በ2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 3,800 ሜትር የሚረዝም ማኮብኮቢያ የሚያስፈልገውም በአመዛኙ በዚህ የተነሳ ነው።

መፍትሔ አለው። ክንፉን ማስፋት፣ ክብደት መቀነስ፣ ለመነሻ የሚመች የስለት አንግል ያለው ፕሮፔለር መምረጥ፣ በሳሳ አየር ቤንዚን እንዳይበዛበት ካርቡሬተሩን ማስተካከል፣ ሙከራውንም አየሩ ገና ሳይሞቅ ማለዳ ላይ ማድረግ ይቻላል። እነዚህ ውሳኔዎች ግን የመጀመሪያው ብረት ከመቆረጡ በፊት በወረቀት ላይ ማለቅ አለባቸው።

ተረት፦ «ብረት ሲወፍር አደጋ ይቀንሳል»

እውነታው፦ ለአጥር በር የሚበጀው ወፍራም ብረት ለአውሮፕላን ሸክም ነው፤ የክብደቱ ቦታ ደግሞ ከክብደቱ መጠን ይበልጥ ያሰጋል። ክብደቱ የት እንዳረፈ ለማወቅ ሦስቱ ጎማዎች በሦስት ሚዛን ላይ ይቆማሉ፤ የእያንዳንዱ ንባብ ከአንድ ከተወሰነ ነጥብ ባለው ርቀት ተባዝቶ፣ ተደምሮ፣ ለጠቅላላ ክብደቱ ይካፈላል። የሚገኘው ቁጥር የክብደት ማዕከሉ ነው።

ምሳሌ እንውሰድ። 300 ኪሎ የሚመዝን፣ ክንፉ ከፊት እስከ ኋላ 1.4 ሜትር የሚሰፋ አውሮፕላን አለ እንበል። የብየዳ ሠራተኛው «እንዲጠነክር» ብሎ ከማዕከሉ 4 ሜትር ርቆ ጭራው ላይ 5 ኪሎ ብረት ቢጨምር፣ ማዕከሉ ወደ ኋላ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይሸሻል። የዚህ ዓይነት አውሮፕላን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀድለት ጠቅላላ ክልል 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ያ አምስት ኪሎ ብቻውን የክልሉን ሲሶ በልቷል። ጭራው የከበደ አውሮፕላን አፍንጫውን ወደ ላይ ሲቀስር የሚመልሰው ኃይል ላይኖር ይችላል።

ብሎንም እንዲሁ ነው። አናቱ ላይ 8.8 የሚል ማኅተም ያለው የገበያ ብሎን ማኅተሙ እውነተኛ ከሆነ ለመጎተት ያለው ጥንካሬ ከአውሮፕላን ብሎን ብዙም አያንስም። ልዩነቱ ያለው የአውሮፕላኑ ብሎን ምንጩና ፍተሻው የተመዘገበ በመሆኑና ጥርስ የሌለው አካሉ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው በመሙላቱ ላይ ነው። ጥርሱ ቀዳዳው ውስጥ ሸክም ከተሸከመ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከዚያም ዳዶው በልኩ ይጠበቅና እንዳይፈታ ኮፒሊያ ይገባለታል።

ተረት፦ «ሞተሩ ከቆመ እንደ ድንጋይ ይወድቃል»

እውነታው፦ አይወድቅም፤ ይንሸራተታል። የተለመደ ቀላል አውሮፕላን ሞተሩ ቆሞ አንድ ሺህ ሜትር ሲወርድ ስምንት ወይም ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ወደ ፊት ሊጓዝ ይችላል። ሰው የሚገድለው አብራሪው ደንግጦ አፍንጫውን ከልክ በላይ ሲያነሳ ክንፉ የማንሳት ኃይሉን የሚያጣበት፣ «ስቶል» የሚባለው ሁኔታ ነው።

ሆሳዕናና ዱራሜ ባሉበት በሐዲያና በከምባታ ግን ሌላ ጥያቄ አለ፤ ተንሸራትቶ የት ያርፋል? አካባቢው በአገሪቱ ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ ከሚኖርባቸው አንዱ ነው። የእንሰቱ ጓሮ ከቤቱ፣ ቤቱም ከመንገዱ ጋር የተያያዘ ነው። አደጋው የሚመለከተው አብራሪውን ብቻ አይደለም፤ ከታች ያለውን ቤተሰብም ነው። የሙከራ ቦታ ሲመረጥ መጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው ይህ ነው።

ተረት፦ «አንዴ ከተሠራ አለቀ»

እውነታው፦ ያን ጊዜ ይጀምራል። በአሜሪካ በግለሰብ የተሠራ አዲስ አውሮፕላን መንገደኛ ሳይጭን፣ ከሰው መኖሪያ ርቆ፣ አብዛኛውን ጊዜ 25 ወይም 40 ሰዓት የሙከራ በረራ ያደርጋል። ከዚያም በየዓመቱ ይፈተሻል፤ የተለወጠው ሁሉ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ፕሮፔለር ወይም ካርቡሬተር ከተቀየረ ዳግም ሙከራ ያስፈልጋል።

በደጋው ዝናባማ ወራት በተለይ የሚያሰጋ አንድ ነገር አለ። ካርቡሬተር ውስጥ አየሩ ሲጣደፍና ቤንዚኑ ሲተን ሙቀቱ 20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሊወርድ ስለሚችል፣ ውጪ 18 ዲግሪ በሆነ እርጥብ ቀን እንኳ ውስጡ በረዶ ሠርቶ ሞተሩን ሊያፍነው ይችላል። ስለዚህ ከጭስ ማውጫው አካባቢ ሙቅ አየር የሚያመጣ መስመር መዘርጋት የግድ ነው። ከነዳጅ ማጠራቀሚያው ሥር የተጠራቀመ ውኃም ከእያንዳንዱ በረራ በፊት ይወጣል።

ተረት፦ «የሠራ ሰው ያበራል፤ ፈቃድ ወግ ማስረዘሚያ ነው»

እውነታው፦ መሥራትና ማብረር ሁለት ሙያ ናቸው። ለማብረር የአብራሪ ፈቃድ፣ ለአውሮፕላኑ ደግሞ ከኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ምዝገባና የበረራ ብቁነት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ወጣቱ ወደ ባለሥልጣኑ መሄድ ያለበት ሠርቶ ሲጨርስ ሳይሆን ንድፉን ይዞ ነው፤ ወረቀት ከማቃናት ይልቅ የተሠራ ብረት ማፍረስ ይበልጥ ያስከፍላልና።

መሬት ላይ የሚሠራ ግን ብዙ ሥራ አለ። ሆሳዕና ያለው የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና የከተማዋ የቴክኒክ ኮሌጆች እንዲህ ያለውን ወጣት በክንፍ ፍተሻ ሊያግዙት ይችላሉ። ክንፉ ተገልብጦ ይታሰርና የአሸዋ ከረጢት ይጫንበታል። በመደበኛ ምድብ ያለ ቀላል አውሮፕላን የክብደቱን 3.8 እጥፍ ጎብጦ ሳይቀር መሸከም ይጠበቅበታል። ለ300 ኪሎው አውሮፕላን ይህ 1,140 ኪሎ፣ ማለትም ባለ 50 ኪሎ ሃያ ሦስት ከረጢት ያህል፣ በሁለቱ ክንፎች ላይ ተከፋፍሎ ማለት ነው። ከረጢቱ ሲነሳ ክንፉ ወደ ቦታው ከተመለሰ ቀጣዩ ፍተሻ ይከተላል፤ ጎብጦ ከቀረ ደግሞ ጉድለቱ የተገኘው ሰው ሳይጎዳ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው።