የልብ ወለድ ጸሓፊው ጁርጂ ዘይዳንና በዘመኑ የነበረችው ቤይሩት

ሊባኖስ ሲባል የቅዱሳት መጻሕፍት አንባቢ አስቀድሞ የሚያስበው ለሰሎሞን ቤተ መቅደስ የተጋዘውን ዝግባ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያው ተራራ በታች በባሕር ዳር ያለችው ቤይሩት በ19ኛው መቶ ዓመት ያየችው መለወጥም ሊመረመር የሚገባው ነው። በመቶ ዓመቱ መባቻ በቅጥር የተከበበች፥ ነዋሪዎቿም ከጥቂት ሺህ የማይበልጡ ትንሽ ወደብ ነበረች፤ በ1914 ግን ሕዝቧ ከ100 ሺህ በላይ ሆኖ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት በኤውሮጳ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።) ይህ መለወጥ በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሊታይ ይችላል፤ ሰውየውም በዐረብኛ ታሪካዊ ልብ ወለድ በመጻፍ ስሙ የተጠራው ጁርጂ ዘይዳን ነው። ጁርጂ ማለት ጊዮርጊስ ማለት ነው።

ዘይዳን በ1861 በቤይሩት ከኦርቶዶክስ ክርስቲያን ወላጆች ተወለደ። አባቱ ትንሽ ምግብ ቤት የነበረው፥ ማንበብና መጻፍ የማያውቅ ሰው ነበረ። ከልደቱ አንድ ዓመት አስቀድሞ በተራራው ላይ በድሩዞችና በማሮናውያን መካከል ብርቱ እልቂት ሆኖ፥ በደማስቆም የክርስቲያኖች ሰፈር ተቃጥሎ፥ ብዙ ስደተኛ ወደ ቤይሩት ወርዶ ነበር። ከተማይቱ የሰፋችው በንግድ ብቻ ሳይሆን በዚህ እንባ ጭምር ነው።

ሕፃኑ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፥ በ1863፥ አንድ የፈረንሳይ ኩባንያ ያሠራው የሠረገላ መንገድ ከቤይሩት እስከ ደማስቆ ተከፈተ፤ በበቅሎ ሦስትና አራት ቀን ይፈጅ የነበረው ጉዞም በዐሥራ ሦስት ሰዓት ያህል ያልቅ ጀመር። በ1875 ከከተማው በስተሰሜን ካለው ከናህር አል ከልብ፥ ይኸውም የውሻ ወንዝ ማለት ነው፥ ውሃ በቧንቧ ገባ። በተራራው መንደሮች ልጃገረዶች ከቤታቸው እየወጡ በሐር መፍተያ ቤቶች በደመወዝ መሥራታቸው በየቤቱ ክርክር ያስነሣ ነበር። በ1895 ደግሞ የደማስቆው ምድር ባቡር ተከፈተ። መንገዱ ከ1400 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ተራራ ስለሚያቋርጥ፥ እጅግ አቀበት በሆነው ስፍራ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ጥርስ ያለው ሌላ ሐዲድ ተዘረጋ፤ የባቡሩ ጥርሳም መንኰራኵር ያንን እየነከሰ ይወጣ ነበር። ለማነጻጸር ያህል፥ የጅቡቲው ምድር ባቡር ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፥ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው።

ለልብ ወለድ ጸሓፊው ግን ከሐዲዱ ይልቅ የእርሳስ ፊደል በለጠበት። አሜሪካውያን ሚሲዮናውያን በ1834 የዐረብኛ ማተሚያቸውን ከማልታ ወደ ቤይሩት አዛውረው ነበር። የዐረብኛ ፊደል እንደ ግእዝ ለየብቻው የሚቆም አይደለም፤ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ በቃሉ መጀመሪያ፥ በመካከሉና በመጨረሻው መልኩን ይለውጣል። ስለዚህ ለአንዱ ፊደል ብዙ ዓይነት እርሳስ መቅረጽ ግድ ነበር። በዚሁ ማተሚያ አዲሱ የዐረብኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1865 ታትሞ ተፈጸመ። በትርጓሜው ሥራ ከረዱት ሊቃውንት አንዱ ቡጥሩስ አል ቡስታኒ ነበረ፤ እርሱም ከ1860ው እልቂት በኋላ በ1863 የልዩ ልዩ ሃይማኖት ልጆች አብረው የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1870ም አል ጂናን የተባለውን መጽሔት አቆመ። ልጁ ሳሊም በዚያ መጽሔት ልብ ወለድ እየከፋፈለ ማውጣት ጀመረ። እንግዲህ በቤይሩት ልብ ወለድ የለመደው ሕዝብ ታሪኩን የሚያነበው ቀጣዩን ክፍል እየጠበቀ ነበር ማለት ነው።

ዘይዳን ገና ልጅ ሳለ ትምህርቱን ትቶ በአባቱ ምግብ ቤት ያገለግል ነበር፤ ጥቂት ጊዜም የጫማ ሥራ ተማረ። እንግሊዝኛ የተማረው በማታ ነው። በጥቂት ወራት ጥናት የመግቢያውን ፈተና አልፎ በ1881 በራስ ቤይሩት ባለው በሶርያ ፕሮቴስታንት ኮሌጅ የሕክምና ተማሪ ሆነ። ከአባቱ ጋር በእርሱ መካከል ያለው ርቀት ከደማስቆው መንገድ ይረዝማል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1882 ግን ነገሩ ተበላሸ። በምረቃው በዓል የኬሚስትሪና የጂኦሎጂ መምህሩ ኤድዊን ሉዊስ ስለ እውቀት ሲናገር፥ በዚያው ዓመት የሞተውን ዳርዊንን የትጉህ መርማሪ ምሳሌ አድርጎ አነሣው። የኮሌጁ አስተዳዳሪዎች ንግግሩን ሃይማኖትን የሚነካ አድርገው ስለ ቈጠሩት መምህሩ ሥራውን እንዲለቅ ሆነ። የሕክምና ተማሪዎች ትምህርት አቁመው አቤቱታ ጻፉ፤ የፈረሙትም ለጊዜው ታገዱ። ዘይዳን ከእነርሱ አንዱ ነበረ፥ ወደ ኮሌጁም አልተመለሰም። የተማሪ አድማ ሁሉ የሚመሰገን አይደለም፤ ነገር ግን እነዚህ ወጣቶች የቆሙት ለዳርዊን አሳብ ሳይሆን ለመምህራቸው እንደ ነበር ማስተዋል ያስፈልጋል፤ መምህሩም ቢሆን የዳርዊንን አሳብ ሁሉ ተቀበሉ አላለም።

ዘይዳን በ1883 ሕክምናውን ለመጨረስ ወደ ካይሮ ሄደ፤ ሕክምናውን ግን አልጨረሰም። በቀጣዩ ዓመት በካርቱም የተከበበውን ጎርዶንን ለማዳን ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር አስተርጓሚ ሆኖ ወደ ሱዳን ወጣ። በዚያው በ1884 ዓፄ ዮሐንስ በዐድዋ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር ውል ተዋውለው፥ የተከበበው የግብፅ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ፈቅደው ነበር።

የቱርክ መንግሥት በሶርያ ጽሑፍን አጥብቆ ይመረምር ስለ ነበር ብዙ የቤይሩት ጸሓፊዎች ወደ ካይሮ ተሰደዱ። የዘይዳን የመጀመሪያ ልብ ወለድ በ1891፥ አል ሂላል የተባለው መጽሔቱም በ1892 በዚያ ወጡ። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የአማርኛ ልብ ወለድ በሮም የታተመው በ1908 እንደ ሆነ ማስታወስ ይበጃል። ዘይዳን 22 ታሪካዊ ልብ ወለዶች ጻፈ፤ አብዛኞቹም የእስልምናን ታሪክ የሚተርኩ ናቸው። ተራው አንባቢ የታሪክ መጽሐፍ ሲሰጡት እንደሚሰለች ስለ ተረዳ፥ ታሪኩን በፍቅርና በጀብዱ ጠቅልሎ አቀረበለት።

በ1910 የግብፅ ዩኒቨርሲቲ የእስልምናን ታሪክ እንዲያስተምር ጠራው። ክርስቲያን ይህን እንዴት ያስተምራል የሚል ተቃውሞ ስለ ተነሣ፥ አንድ ቀን እንኳ ሳያስተምር ሹመቱ ተሻረ። በሃያ አንድ ዓመቱ ለመምህሩ የተከራከረበት ነገር በሃምሳ ዓመቱ ገደማ በራሱ ላይ ደረሰ። በ1911 የዐረብኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ የሚባለውን መጽሐፉን ማሳተም ጀመረ፤ አራተኛው ክፍል በወጣበት በ1914 በካይሮ ዐረፈ።