የጠፋው ስምንት ዓመት

ደጀን ላይ፣ አንዲት የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ነን። ጠፍቶ ያደረው መብራት መጣና ባለሙያዋ ኮምፒውተሩን አበራችው። ቀኑ ጃንዋሪ 1፣ 2009 ይላል። በእጇ አስተካከለችው፤ ዓመቱን 2017፣ ሰዓቱን 3:00 አደረገች። ያኔ በእኛ አቆጣጠር ልክ ነበረች። ኢሜይሏን ልትከፍት ስትል ግን ብሮውዘሩ ግንኙነቱ አያስተማምንም ብሎ ከለከላት።

ኔትወርኩ ምንም አልሆነም። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያሳዩበት ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ያኔ ዓለም 2025 ላይ ነበር፤ 2017 ላይ ላለ ኮምፒውተር ያ ሰርተፍኬት ገና አልተሰጠም።

መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የምታስቀጥለው ማዘርቦርዱ ላይ ያለች፣ ሳንቲም የምታክል ባትሪ ናት። እሷ ስትደክም ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳል። ባትሪዋ ደህና ብትሆንም፣ በሰከንድ 32,768 ጊዜ የሚርገበገበውን የሰዓቱን የኳርትዝ ክሪስታል ሙቀትና ብርድ ያዛባዋል። ከሚሊዮን 20 እጅ ቢዛነፍ እንኳ በቀን 1.7 ሰከንድ፣ በወር ከ50 ሰከንድ በላይ ይሆናል።

ለዚህ መላ ያበጀው አሜሪካዊው ዴቪድ ሚልስ ነው፤ ኤንቲፒ የተባለው ስልት በ1985 (እ.ኤ.አ.) ወጣ። ኮምፒውተሩ ትክክለኛውን ሰዓት ከሰርቨር ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ ደግሞ ከአቶሚክ ሰዓት ወይም ከጂፒኤስ ሳተላይት ይቀዳል። ቸግሮ የነበረው መልሱ መንገድ ላይ መቆየቱ ነው።

ከደጀን ተነስቶ፣ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ ጎሐ ጽዮን የሚደርስ መልእክተኛ እናስብ። በእኛ፣ በደጀኑ ሰዓት 2:00 ተነሳ። በጎሐ ጽዮን ሰዓት 3:40 ደርሶ 3:50 ተመለሰ። ደጀን ሲገባ የእኛ ሰዓት 5:10 ይላል። የቆየው 190 ደቂቃ ነው፤ እዚያ ያረፈበት 10 ሲቀነስ ደርሶ መልሱ 180፣ አንዱ ጉዞ 90 ይሆናል። እንግዲህ በእኛ ሰዓት የደረሰው 3:30 ነበር። እነሱ 3:40 ካሉ፣ የእኛ ሰዓት 10 ደቂቃ ወደኋላ ቀርቷል ማለት ነው። ኤንቲፒም በእነዚህ አራት ሰዓቶች ይኸንኑ ያሰላል። ስሌቱ የሚያምነው መሄጃና መመለሻው እኩል መሆኑን ነው። የመልእክተኛው መኪና ጤፍ ጭኖ ሄዶ ባዶውን ከተመለሰ፣ የሁለቱ ጉዞ ልዩነት ግማሹ ስህተት ሆኖ ይገባል።

ትንሽ ልዩነት ሲገኝ ሰዓቱ ቀስ በቀስ ይታረማል። ኤንቲፒዲ የተባለው ፕሮግራም ግን ልዩነቱ ከ1000 ሰከንድ ሲበልጥ አንድ ነገር ተበላሽቷል ብሎ ራሱን ያቆማል። ስምንት ዓመት ወደኋላ ለቀረ ኮምፒውተር መጀመሪያ ሰው መድረስ አለበት።

ሰርቨሩ የሚልከው ለዓለም ሁሉ አንድ የሆነውን ሰዓት ነው፤ የእኛን የሦስት ሰዓት ልዩነት የሚጨምረው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው። ዊንዶውስ ላይ ከሰዓት ክልሎቹ ዝርዝር አዲስ አበባን ፈልጎ ያጣ ሰው ናይሮቢን ይምረጥ፤ ሰዓቱ አንድ ነው። የሀገራችን ፕሮግራም ሠሪዎች ደግሞ የእኛን ቀንና ሰዓት ስክሪኑ ላይ አስልተው ቢያሳዩልን ማንም ውስጡን ለመነካካት ባልተገደደ።

ባለሙያዋ ባትሪውን አስቀየረች፤ ዓመቱን 2025 አድርጋ ሰዓቱን ከሰርቨር አስተካከለች። ኢሜይሏ ተከፈተ። ስክሪኑ ጥግ ላይ 9:40 ይላል፤ ከራስጌዋ የተሰቀለው የግድግዳ ሰዓት 3:40።