ያለ ፈቃድ ማከም፦ በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ሥራ ሕጉ የሚናገረውና ዝም የሚለው

የአእምሮ ሕክምና ነርስን ሥራ ከሌላው የነርስነት ዘርፍ የሚለየው እምቢታ ነው። በቀዶ ሕክምና ወይም በውስጥ ደዌ ክፍል የተኛ ሰው መርፌውን አልወጋም ካለ ይመከራል፣ ይለመናል፤ በመጨረሻ ግን በራሱ ኃላፊነት ፈርሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በአእምሮ ሕክምና ክፍል በሩ ተቆልፎበት ሊያድር ይችላል፤ እጅና እግሩ ተይዞ መርፌው ይወጋል፤ ቀበቶው፣ ምላጩና ስልኩ ይወሰዳል። ይኸው ነገር መንገድ ላይ ቢፈጸም ድብደባና አፈና ይባል ነበር። ሆስፒታል ውስጥ ሲሆን ሕክምና የሚያሰኘው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ በብዙ አገሮች ከመቶ ዓመት በላይ አከራክሯል። በኢትዮጵያ ጥያቄው በአብዛኛው የሚያርፈው በነርሶች ትከሻ ላይ ነው።

ለዚህ ምክንያቱ በታሪኩ ውስጥ ይገኛል። አማኑኤል ሆስፒታል በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመ ሲሆን ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። የአእምሮ ሕክምና ነርሶችን ማሠልጠን እ.ኤ.አ. በ1987 በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ እዚያው አማኑኤል ተጀመረ። ሐኪሞችን በዚሁ ሙያ በአገር ውስጥ በስፔሻሊስትነት ማሠልጠን የተጀመረው ግን እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። በመካከሉ ባለፉት ዓመታት ከማሠልጠኛው የወጡ ነርሶች ወደ ክልል ሆስፒታሎች ተልከው የአእምሮ ሕክምና ክፍሎችን ከፈቱ፤ ሕመሙን የሚለዩት፣ መድኃኒት የሚያዙት፣ የሚያስተኙትና የሚያሰናብቱትም እነሱ ነበሩ። በሌሎች አገሮች ሕጉ ለሁለት ሐኪሞችና ለአንድ ዳኛ የሚያከፋፍለውን ውሳኔ አንድ ነርስ ብቻውን ሲወስን ኖሯል ማለት ነው።

አገሪቱ ራሱን የቻለ የአእምሮ ጤና አዋጅ ሳይኖራት ለረጅም ጊዜ ስለቆየች፣ መልስ የሚፈለገው ለሌላ ጉዳይ ከተጻፉ ሕጎች ነው። ከእነዚህ ዋናው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 20 ማንኛውም ሰው የሕክምና ምርመራን ወይም ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። ከዚህ ውጭ የሚተወው እንደ ክትባት ያለ ለሕዝብ ጥቅም በሕግ የታዘዘን ነገር፣ እንዲሁም አሳዳሪ በሥሩ ያለን አካለ መጠን ያላደረሰ ልጅ ወይም በፍርድ የተከለከለ ሰው ለጤናው በሚበጅ መንገድ የማሳከም ሥልጣኑን ነው። ቀጣዩ አንቀጽ እምቢ ባዩ ላይ የሚያስከትለውም ውጤት ለስለስ ያለ ነው፤ ከባድ አደጋ የሌለውን ሕክምና ያለፈ ሰው፣ ሕክምናው ሊያስቀርለት ይችል በነበረው ጉዳት ተጠቅሞ መብት መጠየቅ አይችልም። አስገድዳችሁ አክሙት የሚል ቃል አንቀጹ ውስጥ የለም።

በፍርድ መከልከል ደግሞ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። ሰውየው ጉዳዩን በራሱ መምራት እንደማይችል ተረጋግጦ አሳዳሪና ሞግዚት ይሾሙለታል። ታካሚ ይዞ ወደ ሆስፒታል የሚመጣ ቤተሰብ ግን ብዙውን ጊዜ ይህን ወረቀት አይዝም። በእኩለ ሌሊት ወንድሙን በገመድ አስሮ በታክሲ ያመጣ ሰው ስለ ክልከላ ፍርድ ሰምቶ ላያውቅም ይችላል። እናም የፈቃድ ቅጹ ላይ አስታማሚው ይፈርማል፤ አባት፣ ባለቤት፣ አንዳንዴም አብሮ የመጣ ጎረቤት። ሁሉም ይህን እንደ ፈቃድ ይቆጥረዋል። በአንቀጽ 20 ዓይን ግን በፍርድ ያልተከለከለ አዋቂ ሰው አካል ላይ ወንድሙ የሚፈርምበት ግልጽ ሥልጣን አይታይም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ደንብም መነሻው ታካሚው አውቆ የሚሰጠው ፈቃድ ነው። ለሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ ሁኔታ ሲኖር ጉዳዩ ይቀላል፤ ከአደጋ ለማዳን የተደረገ ድርጊት በሕግም በሕሊናም መከላከያ አለው። ችግሩ ድንገተኛው ሁኔታ ካለፈ በኋላ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ታካሚው ረጋ ብሎ ልብሴን ስጡኝ፣ ልሂድ ሲል ነው።

የሕጉ ዝምታ ምን እንዳጎደለ በግልጽ የሚታየው ከሌሎች አገሮች ሕግ ጋር ሲተያይ ነው። በእንግሊዝና በዌልስ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው የአእምሮ ጤና ሕግ በክፍል 5(4) ለነርስ በስሙ የተሰጠ ሥልጣን አለው። በፈቃዱ ተኝቶ የሚታከም ሰው ልውጣ ሲል፣ መውጣቱ ለራሱ ወይም ለሌላ ሰው አደገኛ ከሆነና ሐኪም በቶሎ ሊደርስ ካልቻለ፣ በዘርፉ የተመዘገበ ነርስ እስከ 6 ሰዓት ሊያቆየው ይችላል። ምክንያቱን በጽሑፍ ያሰፍራል፤ ሐኪሙ ሲደርስ ሥልጣኑ ያበቃል። ሰዓቱ አጭር ነው፤ ቁም ነገሩ ግን መነሻውና መድረሻው መታወቁ ነው። የጣሊያን መንገድ ይለያል፤ አማኑኤል በተከፈተበት ዘመን ሕሙማንን በግንብ ታጥሮ በተዘጋ ሆስፒታል ታስቀምጥ የነበረችው አገር እ.ኤ.አ. በ1978 ሕግ ቁጥር 180ን አውጥታ እነዚያን ሆስፒታሎች ወደ መዝጋት ሄደች። በግዳጅ ማከም ካስፈለገ ሁለት ሐኪሞች ሐሳቡን ደግፈው ከንቲባው ያዛል፤ ትእዛዙ በ48 ሰዓት ውስጥ ለዳኛ ይቀርባል፤ ዕድሜውም 7 ቀን ነው።

ከማስተኛት ቀጥሎ የሚመጣው ማሰር ነው። ነርሶች ከሌላው ሁሉ በላይ የሚጨነቁበት፣ ሲሳሳቱም ሰው የሚሞትበት ጉዳይ ይኸው ነው። ታካሚን በጨርቅ ማሰሪያ ከአልጋ ጋር ማሰር፣ ብቻውን ክፍል ውስጥ መዝጋት፣ ወይም ክሎርፕሮማዚንና ሃሎፔሪዶልን በመሰለ መርፌ ማደንዘዝ መልካቸው ቢለያይም በሥነ ምግባር ዓይን አንድ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1991 ያጸደቃቸው መርሆዎች ማሰርን የሚፈቅዱት ሊደርስ የተቃረበን ጉዳት ለመከላከል ሌላ መንገድ ሲጠፋ፣ ለዚያውም ለሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው፤ ምክንያቱና የቆየበት ጊዜ በታካሚው መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ሃርትፎርድ ኩራንት የተባለው ጋዜጣ በአሥር ዓመት ውስጥ ታስረው ወይም ተይዘው ሳሉ የሞቱ 142 ሰዎችን ቆጥሮ አወጣ። ከዚያ በኋላ የጠበቁት የፌዴራል ደንቦች አንድ የማሰር ትእዛዝ ለአዋቂ ከ4 ሰዓት፣ ከ9 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስነዋል።

ሞቱ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከገመዱ ሳይሆን ከአያያዙ ነው። በደረቱ የተደፋና ጀርባው ላይ ሁለት ሰው የተጫነው ታካሚ መተንፈስ ያቅተዋል፤ መታገሉም ብሶበት እንጂ ታፍኖ አይመስልም። ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የታሰረ ሰው እግሩ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል። ከባድ ማደንዘዣ የተወጋ ሰው ትውከቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ስለዚህ የታሰረን ሰው አጠገቡ ሆኖ መጠበቅ፣ ትንፋሹንና የእጅ እግሩን ሙቀት እየደጋገሙ ማየት፣ ውኃ ማጠጣት፣ ሽንት ቤት መውሰድ የነርሱ ግዴታ ነው። ብዙ አልጋ ያለው ክፍል በሌሊት ለጥቂት ተረኛ ነርሶች ሲተው ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል። የሰው እጥረት ማሰርን ያበዛል፤ ለታሰረው ሰው የሚደረገውን ጥበቃ ደግሞ ያሳሳል። ያኔ ማሰሪያው የሕክምና መሣሪያ መሆኑ ይቀርና በነርስ ፋንታ የቆመ ጠባቂ ይሆናል። በጥበቃ ሠራተኛ ወይም በሌላ ታካሚ እጅ ማሳሰር፣ ሰው ተሳደበ ወይም ምግብ ደፋ ብሎ ማሰር ደግሞ ቅጣት ነው፤ ሕክምና የሚባልበት ምክንያት የለም።

ከዚህ ይልቅ ብዙም የማይወራው መድኃኒትን ደብቆ መስጠት ነው። አስታማሚዎች እንክብሉን ፈጭተው በሻይ ወይም በጭማቂ ይሰጣሉ፤ ነርሱም አንዳንዴ ያውቃል፣ አንዳንዴ ራሱ ይመክራል። ከመርፌ ትግል ይሻላል የሚለው መከራከሪያ ቀላል አይደለም። ሆኖም ታካሚው የተነገረውን መመዘን የማይችልበት ደረጃ ላይ ስለመሆኑ ማንም ሳይመረምር፣ ነገሩ ካርዱ ላይ ሳይጻፍ ሲደረግ ተንኮል ይሆናል። የተገለጠበት ዕለት የሚጠፋው እምነትም ብዙ ነው፤ ምግቤ ተመርዟል ብሎ የሚጠረጥር ሕመምተኛ ጥርጣሬው እውነት ሆኖ ያገኘዋል።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ክርክሩን ወደ ሌላ ደረጃ አድርሶታል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረት የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 12 የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ሰዎችም ከሌላው እኩል ሕጋዊ ችሎታ እንዳላቸው ይደነግጋል። አፈጻጸሙን የሚከታተለው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ማብራሪያ፣ ለሰውየው ሌላ ሰው የሚወስንበት ሥርዓት ቀርቶ ራሱ እንዲወስን በሚያግዝ ሥርዓት መተካት አለበት አለ። ይህ አነባበብ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ክልከላ ከነአሳዳሪው ያናጋል። ብዙ የአእምሮ ሐኪሞች ግን በከባድ ሕመም ውስጥ ያለን ሰው እንዲህ ላለው ነፃነት መተው ሌላ ዓይነት ጭካኔ ነው ብለው ይቃወማሉ። ሁለቱም ወገን የሚያየውን ነገር ነርሱ በየዕለቱ ያያል፤ በግድ ከታከመ በኋላ የሚያመሰግን አለ፣ ዕድሜ ልኩን የማይረሳውም አለ።

ምስጢር መጠበቅን በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 የሙያ ምስጢር የሚያወጡ ሰዎችን ሲቀጣ ነርሶችንም ይጠቅሳል። አፈጻጸሙ ግን በኢትዮጵያ ዋርድ መልክ መታየት አለበት። አስታማሚ ከአልጋው ሥር ያድራል፤ ምግብ ያመጣል፣ መድኃኒት ይገዛል፣ በሐኪም ጉብኝት ጊዜም ጆሮውን ያዘነብላል። ሕመሙ ምን እንደሆነ የመጀመሪያው ጠያቂ ታካሚው ሳይሆን አጎቱ ሊሆን ይችላል። ትጉ ነርሶች ለዚህ ያገኙት ዘዴ ቀላል ነው፤ ለማን ምን ይነገር ብለው ታካሚውን ራሱን አስቀድመው ይጠይቃሉ።

ምስጢሩ የሌላ ሰው ሕይወት ላይ አደጋ ሲያዝልስ? በዚህ ላይ በየትምህርት ቤቱ የሚጠቀሰው የካሊፎርኒያው የታራሶፍ ጉዳይ ነው። በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ይታከም የነበረ ወጣት አንዲትን ሴት ሊገድል እንደሚያስብ ለሥነ ልቦና ባለሙያው ተናገረ፤ ፖሊስ ይዞ ለቀቀው፤ ለሴቲቱ ግን የነገራት አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ገደላት። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1976 ባለሙያው አደጋ የተደቀነበትን ሰው የመጠበቅ ግዴታ አለበት ሲል ወሰነ። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ የተከተለው መንገድ የተለየ ነው፤ በአንቀጽ 400 ምስጢርን መግለጽ የሚያስችለው የባለጉዳዩ ፈቃድ፣ ወይም የሚመለከተው የበላይ አካል ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ዛሬ ማታ ሚስቴን እገድላለሁ ላለ ታካሚ ይህ ሂደት እንደማይደርስ ግልጽ ነው።

ነርሱ ለሁለት ጌታ የሚያድርበትም ጊዜ አለ። የወንጀል ሕጉ ስለ ኃላፊነት አለመኖርና መጉደል በሚናገርባቸው አንቀጾች መሠረት፣ ፍርድ ቤት የተከሳሽን አእምሮ እንዲመረመር ወደ ሆስፒታል ይልካል። ሌሊቱን ታካሚው ያወራውን፣ የበላውን፣ የተኛበትን የሚመዘግበው ነርስ ነው፤ መዝገቡም እስከ ችሎት ሊደርስ ይችላል። ሰውየው የሚያጽናናው ነርስ መስሎት የሚናገረው ነገር ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ከመነሻው ሊነገረው ይገባል።

ከሆስፒታሉ አጥር ውጭ ነገሩ የባሰ ይወሳሰባል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ በቡታጅራ አካባቢ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች የተዳሰሱበት ጥናት ያገኛቸው አብዛኞቹ ከባድ ሕሙማን ዘመናዊ ሕክምና አይተው አያውቁም ነበር። በሶዶ ወረዳ የተደረጉ ጥናቶች ቤተሰብ ሕመምተኛውን በሰንሰለትና በገመድ የሚያስረው ከጥላቻ ሳይሆን ሌላ መንገድ አጥቶ እንደሆነ አሳይተዋል፤ እንዳይጠፋ፣ ጎረቤት እንዳይመታ፣ ሰውም እንዳይመታው። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዘገባ እንዲህ ያለው እስር በ60 ያህል አገሮች እንደሚገኝ ገልጿል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ እዚህ ላይ የሚለው ለዛሬ አንባቢ እንግዳ ነው። በአንቀጽ 341 በአእምሮው ሁኔታ ምክንያት ሆስፒታል የተኛ ሰው በግልጽ የታወቀ እብድ ይባላል። በአንቀጽ 342 ደግሞ ከ2,000 ሰው በታች በሚኖርበት የገጠር ቀበሌ፣ ቤተሰቡ የሚጠብቀውና እንደ ልቡ እንዳይንቀሳቀስ የገታው ሰው እንዲሁ እብደቱ የታወቀ ነው። ሕጉ ይህን ያለው የውሉን ዋጋ ለመወሰን ነው፤ ሰውየው የሸጠው በሬ ሽያጩ ይፍረስ ወይስ ይጽና ለማለት። የታሰረበት ገመድ የሚጠቀሰው እንደ ማስረጃ ነው፤ ይፈታ ወይም አይፈታ የሚል ነገር አልተጨመረበትም።

የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና ክፍተትን ለመሙላት የነደፈው መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ሕክምናውን ወደ ጤና ጣቢያ ስላወረደው፣ ዛሬ እንዲህ ያለ ቤት ደጃፍ ላይ የሚቆመው አጭር ሥልጠና የወሰደ የጤና ጣቢያ ነርስ ሊሆን ይችላል። ሰንሰለቱን በጥሶ የመግባት ሥልጣን የለውም፤ አይቶ ዝም ብሎ መመለስም ሙያው አይፈቅድለትም። ቤተሰቡም ጸበል ጀምረናል ሊለው ይችላል። በተግባር የሚደረገው መደራደር ነው፤ ከእናቲቱ ጋር ቡና ተጠጥቶ፣ ጸበሉ ሳይቋረጥ መድኃኒቱ እንዲጨመር ይስማማሉ፤ ሰንሰለቱ መጀመሪያ ቀን ቀን ይፈታል፤ በወር አንድ ጊዜ የሚወጋው መርፌ ሲሠራ ሌሊትም ይቀራል። መርፌው ከጤና ጣቢያው መጋዘን ያለቀ ወር ነርሱ ተመልሶ ሲመጣ በሽተኛውን እዚያው ምሰሶ ሥር ሊያገኘው ይችላል።