ከዘራው በየትኛው እጅ? ፊዚዮቴራፒን በውጭ አገር ለመማር ለሚያስቡ

የውጭ አገር የነፃ ትምህርት ዕድል ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ተማሪዎቻችን ለምክር ወደ ቢሮዎቻችን ብቅ ይላሉ። ከሚጠይቁን መስኮች አንዱ ፊዚዮቴራፒ ነው። ብዙዎቹ ሙያውን ከወጌሻና ከማሸት ጋር ብቻ ስለሚያያይዙት፣ መሠረቱ ፊዚክስ ነው ስንላቸው ይገረማሉ። በዚህ ጽሑፍ የሙያውን ሳይንሳዊ መሠረትና ሃንጋሪን እንደ ምሳሌ ወስደን ተማሪውን የሚጠብቀውን ሕይወት እናቀርባለን።

ለመሆኑ ፊዚዮቴራፒ ምንድን ነው?

ፊዚዮቴራፒ በበሽታ፣ በአደጋ ወይም በእርጅና የተዳከመን የሰውነት እንቅስቃሴ በልምምድ፣ በእጅ ሕክምና፣ በሙቀት፣ በድምፅ ሞገድና በኤሌክትሪክ አማካይነት መልሶ የማጎልበት ሙያ ነው። ስዊድናዊው ፔር ሄንሪክ ሊንግ እ.ኤ.አ. በ1813 በስቶክሆልም የጂምናስቲክ ተቋም መሠረተ፤ በ1894 ደግሞ በብሪታንያ አራት ነርሶች የሙያ ማኅበር አቋቋሙ። የዘመናዊው ሙያ ጅማሬ ሲወሳ እነዚህ ሁለት ክንውኖች አብረው ይነሣሉ።

የከዘራው ፊዚክስ

ቀኝ ዳሌያቸውን የሚያማቸው አንድ አዛውንት ከዘራቸውን በየትኛው እጅ መያዝ አለባቸው? ብዙ ሰው «በሚያማቸው በኩል» ብሎ ይመልሳል። ትክክለኛው መልስ ግን በግራ እጃቸው የሚለው ነው። ምክንያቱን በቀላል ስሌት እንመልከት።

የአዛውንቱ ክብደት 60 ኪሎ ግራም ነው እንበል። ሲራመዱ በቀኝ እግራቸው ብቻ በሚቆሙበት ቅጽበት፣ የቀኝ ዳሌያቸው መገጣጠሚያ ከዚያው እግር በስተቀር የቀረውን አካል ማለትም በግምት 500 ኒውተን ይሸከማል። የዚህ ክብደት መስመር ከመገጣጠሚያው ወደ ውስጥ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ያልፋል። ዳሌው ወደ ግራ እንዳይዘም የሚስበው ጡንቻ ደግሞ በውጭ በኩል 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል። ርቀቱ ግማሽ ስለሆነ ኃይሉ እጥፍ፣ ማለትም 1,000 ኒውተን መሆን ይኖርበታል። ሁለቱም ወደ ታች ስለሚጫኑ በመገጣጠሚያው ላይ 1,500 ኒውተን ያርፋል። ይህ ከመላ ሰውነታቸው ክብደት ሁለት እጥፍ ተኩል ነው!

አሁን በግራ እጃቸው ከዘራ ይዘው በ100 ኒውተን ኃይል መሬቱን ይጫኑ፤ ከዘራው ከመገጣጠሚያው 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። መሬቱ ወደ ላይ በሚመልሰው ግፊት ምክንያት ከጡንቻው የሚፈለገው ኃይል ወደ 400 ኒውተን፣ የመገጣጠሚያው ጫናም ወደ 800 ኒውተን ይወርዳል። ጫናው በግማሽ ገደማ ቀነሰ ማለት ነው። አዛውንቱ ቀጥ ብለው ቆመው ከዘራውን በቀኝ እጃቸው ቢይዙት ግን ግፊቱ ዳሌውን የሚያዘመውን ቶርክ ያግዛል እንጂ አይቃወምም። ባለሙያውን ከተራ መካሪ የሚለየው ይህን ምክንያት ማወቁ ነው።

ሕክምናዊ አልትራሳውንድም እንዲሁ ነው። 1 ሜጋኸርትዝ ድግግሞሽ ያለው ሞገድ ከ3 ሜጋኸርትዙ ይልቅ ጠልቆ ይገባል፤ ድግግሞሹ ሲጨምር ሞገዱ ከቆዳ ብዙ ሳይርቅ ይመጠጣልና።

በሃንጋሪ የሚጠብቀን ምንድን ነው?

የሃንጋሪ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 ያቋቋመው ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም የተባለው የነፃ ትምህርት ዕድል ኢትዮጵያውያንንም ይቀበላል። የትምህርት ክፍያን ይሸፍናል፤ የወር አበል፣ የማደሪያ ድጋፍና የጤና መድን ይሰጣል። አበሉ ግን የኑሮ ወጪን ሁሉ እንደማይሸፍን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። የሴመልዌይስ፣ የፔችና የደብረሰን ዩኒቨርሲቲዎች ፊዚዮቴራፒን በእንግሊዝኛ ያስተምራሉ፤ የመጀመሪያው ዲግሪ አራት ዓመት ይፈጃል።

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም ብዙዎቹ ታካሚዎች የሚናገሩት ሃንጋሪኛ ነው። ስለዚህ ተማሪው ለሆስፒታል ልምምድ ቢያንስ «ሆል ፋይ?» ማለትም «የት ነው የሚያምዎ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መረዳት አለበት። ሃንጋሪኛም እንደ አማርኛ በአክብሮትና በቅርበት አነጋገር መካከል ልዩነት ስለሚያደርግ፣ አዛውንትን «እርስዎ» ማለት የለመደ ልጅ ነገሩ አይከብደውም።

ሁለት ነገሮች ግን እንግዳ ሊሆኑበት ይችላሉ። አንደኛው የቃል ፈተና ነው፤ ተማሪው ርዕስ በዕጣ አውጥቶ በመምህሩ ፊት ያስረዳል። ሽምደዳ እዚህ ላይ ብዙም አያዋጣም። ሁለተኛው ተማሪዎች ጡንቻንና መገጣጠሚያን በእጅ ዳሰው ለመለየት እርስ በርሳቸው መለማመዳቸው ነው። ቁምጣ ለብሶ በሌላ ሰው እጅ መነካት በጨዋነት ላደገ ወጣት መጀመሪያ ላይ ያሳፍራል። እኛም በውጭ አገር በተማርንባቸው ዓመታት እንዳስተዋልነው፣ የሚያሳፍረውን ነገር ለመምህር በግልጽ መንገር ከዝምታ ይሻላል።

ሲመለሱስ?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። ፊዚዮቴራፒስት ሰው የሚያክም ባለሙያ ስለሆነ ዲግሪው ብቻውን ሥራ አያስጀምረውም፤ የአቻ ግምትና የሙያ ፈቃድ ያስፈልጉታል። ስለዚህ ከመሄድ በፊት መስፈርቱን ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች መጠየቅ፣ በትምህርት ጊዜም የኮርሶችን ዝርዝርና የክሊኒክ ልምምድ ሰዓቶችን የሚያሳዩ ሰነዶችን ማኖር ተገቢ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሙያውን በአገር ውስጥ ስለሚያስተምር፣ ሁለቱን ሥርዓተ ትምህርቶች አስቀድሞ ማነጻጸርም ይቻላል።

ዕድሉ ስለተገኘ ብቻ ወደዚህ ሙያ መግባትን አንመክርም። ስትሮክ ያደከመውን ክንድ በትዕግሥት፣ ወር ከወር፣ ለማሠራት ፈቃደኛ የሆነና ከሜካኒክስ ትምህርት ያልሸሸ ተማሪ ግን ማመልከቻውን ያዘጋጅ። ሐሳባችሁን ለዝግጅት ክፍላችን ብትልኩልን በደስታ እንቀበላለን። መልካም የትምህርት ዘመን!