ከቆርቆሮው አጥር ጀርባ

የቆርቆሮው አጥር ተነስቶ የፓርካችንን አረንጓዴ መስክ፣ አዲሶቹን ወንበሮችና መብራቶች ስታዩ ደስ እንዳላችሁ አውቃለሁ። «ሣር ለመትከል አንድ ዓመት ገደማ ይፈጃል እንዴ?» ስትሉም ሰምቻለሁ። ከአጥሩ ጀርባ የቆየሁ ሰው ነኝና ሪባኑ ሲቆረጥ ያልተነገረውን በጆሯችሁ ልንገራችሁ።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ሌሊት እየበረረ የመጣ መኪና መታጠፊያውን ስቶ ፓርካችን ውስጥ ገባ። ሰው አለመጎዳቱ የፈጣሪ ቸርነት ነው። ጭቃው ሲይዘው ግን ሹፌሩ ለመውጣት ወደ ፊትም ወደ ኋላም እየነዳ መስኩን አረሰው። የውሃ ቱቦው ፈነዳ፤ የዋንዛዋ ቅርፊት በአንድ ጎኗ ተላጠ።

ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው፦ አንዴ ጠግነን ከሽፎብናል። መስከረም ላይ የጎማውን ቦይ በአፈር ሞልተን ሣር አነጠፍንበት። ኅዳር ሳይወጣ መኪናው የሄደበት መስመር ቢጫ ሆኖ ተመልሶ ታየ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

አንጋፋው አትክልተኛችን አንዲት ቀጭን ፌሮ ይዘው መጡ። ጎማ ያልነካው ቦታ ላይ ሲጫኗት አንድ ስንዝር ገባች። ጎማው የሄደበት ላይ ከአንድ ጣት አላለፈችም። «አየህ ልጄ፣ ሣሩ አይደለም የሞተው፤ አፈሩ ነው የታፈነው» አሉኝ። በደቡብ አዲስ አበባ ያለው አፈራችን መረሬ ነው። እርጥብ ሆኖ ሲረገጥ አየርና ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ ይደፈናል፤ ሥርም መውረጃ ያጣል።

አሸዋ እንቀላቅልበት ያሉ ነበሩ። እሳቸው እንቢ አሉ፤ ጥቂት አሸዋ መረሬ ላይ ሲጨመር እንደ ጡብ ይጠነክራልና። ጭቃም ሳይሆን፣ ድንጋይም ሳይሆን፣ በእጅ ሲጨበጥ ፍርፍር የሚልበትን ጊዜ ጠብቀን በመንሽ ቀስ እያልን አላላነው፤ የበሰለ ኮምፖስት አስገባንበት። ሰርዶውን የተከልነው ሰኔ ሲገባ፣ አንጓ አንጓውን እየቆረጥን ነው። ያያችሁት መዘግየት ሥራው ራሱ ነበር።

ዋንዛዋንም ቀለም እንቀባት ያሉ ነበሩ። ዛፍ ግን ቁስሉን ከዳር እየከበበ ራሱ ነው የሚዘጋው። የተቦጫጨቀውን ጠርዝ በስለት አስተካክለን ተውናት። ቅርፊቷ ዙሪያውን ተልጦ ቢሆን ኖሮ ከቅጠል ወደ ሥር የሚወርደው ምግብ ተቋርጦ ትሞት ነበር።

ስለ ጥገናው ገንዘብም ልንገራችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የመኪናውን ባለቤት፣ ሌላ ሰው እየነዳውም ቢሆን፣ ለደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። የሦስተኛ ወገን መድንም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። ሕጉ ቢኖርም ካሳ ለማግኘት ማስረጃ ያስፈልጋል። ያዳነን የሌሊት ጥበቃችን ነው፤ ታርጋውን መዝግቦ፣ ጎህ ሲቀድ የጎማውን ቦይ በሜትር ለክቶ፣ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ጠበቀን።

መብራቱ ያምራል፤ ለእኔ ግን ትልቁ ማሻሻያ ማንም ፎቶ የማይነሳበት ነው። መታጠፊያው ጋ ጠርዙን ከፍ አድርገን፣ ከኋላው ትልልቅ ድንጋዮችን ግማሽ ድረስ ቀብረናል። የልጆች መጫወቻውንም ከመንገዱ አርቀን ወደ ውስጥ አስገብተነዋል። ቀድሞውንም እዚያ ዳር ላይ መተከል አልነበረበትም።

እባካችሁ፣ ለማጠብም ሆነ ለሰርግ ፎቶ፣ «ለአንድ ደቂቃ» ብላችሁ መኪና ሣሩ ላይ አታውጡ። በተለይ በክረምት። እርጥብ መረሬን ለማፈን አንድ ደቂቃ ይበቃል።

ባለፈው ሳምንት አትክልተኛው ያችን ፌሮ ሰጡኝና በአሮጌው የጎማ መስመር ላይ ተጫንኳት። አንድ ስንዝር ገባች። ስስባት ጫፏ ላይ እርጥብ አፈር ይዛ ወጣች። ሽማግሌው በጣታቸው ፍርፍር አድርገው አሸተቱትና «ተነፈሰ» አሉ።