አረቄ በእንጨት ወይስ በመብራት? ሒሳቡና አያያዙ

ዛሬ ወደ ጌሾና በቆሎ ዋጋ ከመግባቴ በፊት የገዢያችንን ምድጃ ላሳያችሁ። አረቄ የምታወጣ ሴት ለእህል የምትከፍለን ከማገዶ የተረፋትን ነው። እንጨት ሲወደድ ወይ የምትገዛውን እህል ትቀንሳለች፣ ወይ ዋጋ ትሰብርብናለች። አተላው ሲያንስ ደግሞ ከብት የሚያደልበውም ይነካል። ስለዚህ "ወደ መብራት ልዙር ወይ?" የሚለው ጥያቄ የእኛም ነው።

ነገሩን የተማርኩት አርሲ ነጌሌ ካለች አክስቴ ነው። የእንጨት ዋጋ ሲያስመርራት ቴርሞስታት ያለው የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዛች። በሦስተኛው ቀን ደወለች፦ "ልጄ፣ ቆጣሪው ይበላል፣ አረቄው ግን አንዴ ይወርዳል አንዴ ይቆማል። ደግሞ አሮብኛል!" ሄጄ አየሁት። ምድጃው አልተበላሸም፤ ሥራው ነው ያልገባን።

ቴርሞስታት የሚሠራው ሙቀት ጠብቆ ነው። ምድጃው ሲግል ያጠፋል፣ ሲበርድ በሙሉ ጉልበቱ ያበራል። ሲያጠፋ ፍላቱ ይቆማል፣ ሲያበራ ታችኛው ድፍድፍ ያርራል። የሚፈላ ነገር ግን የሙቀት ደረጃውን ራሱ ነው የሚወስነው። በባሕር ወለል ላይ አልኮል በ78፣ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ውሃው 92 አካባቢ ላይ ይፈላል። የሁለቱ ድብልቅ መሐል ላይ ይሆንና አልኮሉ እየወጣ ሲሄድ ቀስ እያለ ከፍ ይላል። እሳት ብትጨምሩ እንፋሎቱ ይበዛል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። እናም መቆጣጠር ያለብን ዲግሪውን ሳይሆን ዋቱን ነው።

ምርጫው ሁለት ነው። አንደኛው ውስጥ የሚገባ ሬዚስታንስ ነው፣ እንደ ውሃ ማሞቂያው። ሙቀቱ አይባክንም። ግን ወፍራም ድፍድፍ ላይ ከገባ እህሉ ይለጠፍበትና ያርራል፤ የማረር ሽታው ደግሞ ከአረቄው ጋር ይወጣል። የሚሆነው ለተጣራ ወይም ለዳግም ነው። ሁለተኛው ከታች የሚቀመጥ ምድጃ ነው። ይሄ ታቹ ጠፍጣፋና ሰፊ የሆነ የብረት ዕቃ ይፈልጋል፤ በሸክላ ላይ ሙቀቱ ቶሎ አያልፍም። ሽቦው ተገልጦ የሚቀላውን ዓይነት አትግዙ። የአልኮል እንፋሎት ካመለጠና የቀላ ሽቦ ካገኘ ይቀጣጠላል።

መቆጣጠሪያው ውድ መሆን የለበትም። እኛ ያደረግነው፣ እያንዳንዳቸው 1,500 ዋት የሆኑ ሁለት ሬዚስታንሶች፣ ለየብቻ ማብሪያ ማጥፊያ። እስኪፈላ ሁለቱም፣ መውረድ ሲጀምር አንዱ ብቻ። ከዚያም በታች ማውረድ የፈለገ ዲመር ይጨምር፤ ግን የዲመሩ አቅም ከሬዚስታንሱ ዋት በደንብ ይብለጥ። ልኩን የሚነግራችሁ የሚወርደው ነው፦ ቀጭን ክር ከሆነ ጥሩ፣ ትኩስ ሆኖ ከወጣ ወይም ማቀዝቀዣው ውሃ ቶሎ ከሞቀ ዋቱ በዝቷል ማለት ነው።

ቮልቴጁን አትርሱ። ማታ ከ220 ወደ 180 ከወረደ ጉልበቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል፤ 3,000 ዋቱ 2,000 ሆነ ማለት ነው። አክስቴ "ምድጃው ደከመ" ያለችው ይሄንን ነበር።

መብራት ሲጠፋም ወዲያው ከሶኬት ንቀሉ። ሰው በሌለበት ተመልሶ ሲመጣ ፈሳሹ ጎድሎ ሬዚስታንሱ ተገልጦ ከሆነ እሳት ነው። የቱቦው ጫፍ የወረደው አረቄ ውስጥ አይጠመቅ፤ ዕቃው ሲበርድ መልሶ ይስበዋል። ጫፉም አይደፈን፤ እንፋሎት መውጫ ካጣ ይፈነዳል። ብሬከርና የመሬት ሽቦውን ባለሙያ ይሥራው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። 40 ሊትር ከ20 ወደ 90 ዲግሪ ለማድረስ 3.3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከዚያ በ1,000 ዋት ሦስት ሰዓት ቢወርድ 3 ይጨመራል። የሚባክነውን ይዘን 7 እንበል። ደረቅ እንጨት በኪሎ 4 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት አለው፤ በሦስት ጉልቻ ግን ዕቃው ጋ የሚደርሰው ከ10 እስከ 15 በመቶው ነው። ስለዚህ 1 ኪሎዋት ሰዓት 2 ኪሎ እንጨት ይተካል። ከታች በሚቀመጥ ምድጃ አንድ ኪሎ ተኩል ብላችሁ ያዙት።

ታሪፉ ፍጆታ ሲጨምር ስለሚጨምር የአምናውን ሳይሆን የራሳችሁን የመጨረሻ ቢል ተመልከቱ። በገበያችሁ የ2 ኪሎ እንጨት ዋጋ ከ1 ኪሎዋት ሰዓት ከበለጠ መብራት ያዋጣል። ካነሰ ደግሞ መጀመሪያ ጉልቻውን በተሻሻለ ምድጃ መቀየር ይሻላል።

አክስቴ በመጨረሻ ተራውን በእንጨት፣ ዳግሙን በመብራት አደረገችው። ድፍድፉ አያርባትም፣ እንጨቱም ቀነሰላት። ለእኛ ለአቅራቢዎች ምክሬ ይሄ ነው፦ ከገዢያችሁ ጋር ዋጋ ስትነጋገሩ ስለ እህሉ ብቻ አታውሩ። ማገዶዋን ጠይቁ፣ ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩ። እሷ ከማገዶ የምታተርፈው ነገ እኛው ጋ ይመጣል።

መልካም ገበያ!